ለአንድ ሰው የሚበቃ አልጋ

ይህ ነገር የደረሰው በእኔው በራሴ ላይ ነው። ከሰው አልሰማሁትም። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ውሸታም ተብዬ መቃብር መውረድ አልፈልግም።

ጨለማም አልነበረም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ነው። በዚያ ሰዓት የሱዳኗ ከተማችን የሸንዲ ፀሐይ ሰውን ሁሉ ወደ ቤቱ ታስገባለች። ሰው ምሳውን በልቶ ጋደም ይላል። ውሻ እንኳ አይጮህም።

እኔ ግን የምጋደምበት አልጋ አልነበረኝም...

ሐሰቡ እባላለሁ። የጠፍር አልጋ ሠሪ ነኝ፤ አባቴም ይኸው ነበር ሥራው። የሰፈሩ ግማሽ የሚተኛው እኔ በሠራሁት አልጋ ላይ ነው። እኔ ደግሞ መሬት ላይ፣ ሰሌን አንጥፌ።

ሚስቴ ሲተና ከሞተች አርባ ቀኗ ነበር። በእኛ ዘንድ ሟች ወደ መቃብር የሚሄደው በአልጋ ነው። ወንዶቹ እሷን በአልጋችን ተሸክመው ሄዱ። ሲመለሱ አልጋው ባዶውን መጣ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ለሁለት የተኛንበት ነው። የቀብሯ ዕለት ማታ ብቻዬን ተኛሁበት። መሐሉ ላይ መተኛት አቃተኝ። እንደ ልማዴ ግድግዳው በኩል፣ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥዬ አደርኩ። ሲነጋ ለመስጊዱ ሰጠሁት።

ከዚያ ለራሴ ጠባብ አልጋ ልሠራ ወሰንኩ። ጎኔ ላይ ባዶ ቦታ የሌለው። እንቅልፍ የሚወስደኝ እንደዚያ ከሆነ ብቻ መሰለኝ።

አባቴ ልክ አወሳሰድ ሲያስተምረኝ እንዲህ ይል ነበር፦ «ርዝመቱ ከሰውየው ቁመት አንድ ስንዝር ይለፍ። ወርዱ እጁን ደረቱ ላይ ሲያጥፍ ክርኑን ይቻለው። አጭር አልጋ ተረከዝ ይቆርጣል፤ ሰፊ አልጋ እንግዳ ይጠራል።»

ደግሞም ይል ነበር፦ «ሰውን አቁመህ ለካው። ተኝቶ የሚለካ ሟች ብቻ ነው።»

ለልክ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ክሩን አናት ላይ ይይዛል፤ ሌላው ተረከዝ ላይ። የእኛ አልጋ ሲሠራ ተረከዜ ላይ የያዘችው ሲተና ነበረች። ክሩን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ፣ ሁለቴ ጠቅልላ ትቋጥራለች። እንደሷ የሚቋጥር ሰው አላውቅም።

በአርባኛው ቀኗ ጎረቤቴ ሐጃ በቱል ኪስራ የሚባለውን ስስ እንጀራ በወጥ ይዘውልኝ መጡ። እንጨቱን አዩት።

«አንተ ሐሰቡ፣ ይሄ ለማን ነው?»

«ለራሴ ነው፣ ሐጃ።»

«ልክህንስ ማን ወሰደልህ?»

«ራሴ እወስዳለሁ።»

«ጸጉር አስተካካይ የራሱን ማጅራት ሲላጭ አይተህ ታውቃለህ? ባለቤቴን ልላክልህ።»

«ይተዉት ሐጃ፣ በዚህ ፀሐይ አያስቸግሯቸው።»

«ሲተና እውነቷን ነው። ከአንተ ይልቅ እንጨቱ ይታጠፋል ትል ነበር» ብለው ሄዱ።

እውነቱን ልናገር። ሰው ያልጠራሁት በኩራት ብቻ አይደለም። ክሩን እንዳያዩብኝ ነው።

ሲተና የሞተች ጠዋት፣ ለመቃብሩ ቁመቷን የለካነው በዚያ ክር ነው። እኔ አናቷ ላይ ያዝኩ፤ ወንድሟ ተረከዟ ላይ። ሟች የተለካበት ክር ከሟች ጋር ይቀበራል። በእኛ ሰፈር ይህን የማያውቅ የለም።

እኔ አልቀበርኩትም።

እጄ እምቢ አለኝ... ኪሴ ከተትኩት። ከእሷ የቀረኝ የመጨረሻው ልክ እሱ ነበር። ቤት ስገባ ሰው እንዳያውቅብኝ የቁመቷን ቋጠሮ ፈትቼ ትራሴ ሥር አስቀመጥኩት። ሌላም ክር አልገዛሁም።

እና በዚያው ክር ራሴን ልለካ ተነሳሁ።

ቆሜ ሞከርኩ። አናቴ ላይ ስይዝ ተረከዜ ላይ የሚይዝልኝ የለም። ጎንበስ ስል ልኩ ይበላሻል። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ተናደድኩ።

ስለዚህ ተጋደምኩ።

የክሩን ጫፍ አናቴ ዘንድ መሬቱ ላይ በጡብ ጫንኩት። ሌላኛውን ጫፍ በእግሬ በኩል ለቀቅኩት። ቀጥ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ...

ክሩ ተወጠረ።

በቀስታ ነው የተወጠረው። ጎኔን ታክኮ፣ በእግሬ በኩል ሳብ...

ከዚያ ተረከዜ ላይ የሆነ ነገር ጫን አለኝ።

አውራ ጣት።

«ማነው?» አልኩ በሹክሹክታ።



ዘልዬ ተነሳሁ። በሩ ተዘግቷል። አቧራው ላይ ያለው የእኔ ዱካ ብቻ ነው። ክሩ መሬት ላይ ወድቋል።

ቋጠሮ አለው። አንድ አይደለም፤ ሁለት፦ አንዱ ለርዝመት፣ አንዱ ለወርድ።

የድሮ ቋጠሮ ነው አልኩ ለራሴ። ሳልፈታው ቀርቼ ይሆናል። ረጅሙን ግድግዳው ላይ ከቁመቴ ጋር አስተያየሁት። ልክ የእኔ ቁመት ነው... ከነስንዝሩ።

ፈራሁ። ግን እንደገና ከመጋደም በቋጠሮው መሥራት ይሻላል አልኩ። በረጅሙ ርዝመቱን፣ በአጭሩ ወርዱን ቆረጥኩ። አርባ ዓመት እንዲሁ ስቆርጥ ኖሬያለሁ፤ እጄ ሥራውን ያውቃል፤ አእምሮዬ ሌላ ቦታ ነበር። ጠፍሩን እርጥቡን ጠላለፍኩት። በሦስተኛው ቀን ደርቆ እንደ ከበሮ ተወጠረ።

ሐጃ በቱል ሳህናቸውን ሊወስዱ መጡ። በሩ ላይ ቆመው አልጋውን አዩት።

«ለአንድ ሰው አላልክም?»

«አዎ።»

«ሐሰቡ... ይሄ እኮ የሙሽራ አልጋ ነው።»

በስንዝር ለካሁት። ወርዱ ለመስጊዱ የሰጠሁት አልጋ ወርድ ነው። አንድ ጣት እንኳ ልዩነት የለውም።

ክሩን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ሳይነኩት ወደ ኋላ አሉ።

«አልቀበርከውም?»

«አልቻልኩም።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሂድና መልስላት። እሷም ትረፍ፤ አንተም እረፍ» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት መቃብሯ ዘንድ ሄድኩ። ሁለቱንም ቋጠሮ ፈታሁ። በእግሯ በኩል በእጄ ጉድጓድ ቆፍሬ ክሩን ቀበርኩት። በላዩም ድንጋይ ጫንኩበት። አለቀስኩ። ለሰው ያላለቀስኩትን ሁሉ እዚያ አለቀስኩት።

ቤት ስመለስ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። እንዲህ ባዶ ሆኖ አያውቅም... ከአርባ ቀን በላይ አንድ ክር ያጫውተኝ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

ነገ ጠርዙን በመጋዝ አጠበዋለሁ ብዬ አዲሱ አልጋ ላይ ጋደም አልኩ። መሐሉ ላይ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር።

መሐሉ ላይ አልነበርኩም። ግድግዳው በኩል፣ ጠርዙ ላይ ነኝ።

ደረቴ ላይ አንድ ነገር ተዘርግቷል። ከአናቴ ጀምሮ እስከ እግሬ።

ክሩ።

የመቃብር አፈር አለበት። ሁለቴ ተጠቅልሎ ተቋጥሯል። በእግሬ በኩልም ተወጥሯል... አልላላም።

ወደ እግሬ አላየሁም። መነሳት ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። መጮህ ነበረብኝ፤ ሐጃ በቱል ከግንቡ ማዶ ናቸው።

«ሲተና?» አልኩ በሹክሹክታ።

ክሩ ላላ።

እኔም... ወደ ግድግዳው ትንሽ ጠጋ አልኩ።

ከጎኔ፣ በባዶው በኩል፣ አዲሱ ጠፍር ቀስ እያለ ወደ ታች ረገበ።