የጋሼ ናሆም ሽማግሌዎች

«እኔ ግድግዳውን በጣቴም አልነካሁት» አሉ ወይዘሮ ሶልያና፣ ጓንት ያጠለቁ እጆቻቸውን ከፍ አድርገው።

ሲስተር ፌኔት የጠየቀቻቸው ስለ ግድግዳው አልነበረም። የሕሙማን ክፍሉ ግድግዳማ ሥራው ነው፤ የሕመምተኛው ደም ሰላም ሲሆን አረንጓዴ፣ ጠብ ሲነሳ ቀይ ይሆናል። ወሬውን የሚያቀብሉት በደም ሥር የሚዋኙ፣ በዓይን የማይታዩ መሣሪያዎች ናቸው። በሰነድ «ደም ዘጋቢ» ይባላሉ፤ ነርሶቹ ግን «ወሬኛ» ነው የሚሏቸው።

«እትዬ፣ ጋሼ ናሆምን ምን እያደረጓቸው ነው? ሦስት ቀን ሙሉ ጠይቀዋቸው በወጡ ቁጥር ግድግዳው ቀይ ሆነ።»

«አጠገቡ እቀመጣለሁ። እሱ ጣሪያውን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ። ሌላ ምን አለን?»

ጋሼ ናሆም የደም ካንሰር ይዟቸው መቅኒያቸው በመድኃኒት ተቃጥሎ፣ በምትኩ የታላቅ እህታቸው የሶልያና ግንደ ህዋስ፣ ደም ሁሉ የሚበቅልበት ዘር፣ ገባላቸው። እንግዳ ህዋስ ደግሞ አንዳንዴ አመሉ አይጣል ነው፤ ያስጠለለውን ቤት ጠላት ብሎ ቆዳና አንጀት ይፈጃል። የሚገላግሉት ከዚያችው እህት ደም የተለቀሙ አብራጅ ህዋሳት ናቸው። ነርሶቹ «ሽማግሌ» ይሏቸዋል፤ ጠዋት ጠዋት ክንድ ላይ በሚለጠፍ ልጥፍ ይገባሉ። ወሬኞቹ እንዳሉት ግን ከሦስት ቀን ወዲህ አንድም ሽማግሌ አልገባም። ሌላ ሁለት ቀን እንዲህ ከቀጠለ የጋሼ ናሆም አንጀት አይተርፍም።

ፌኔት እህትየዋን ጠረጠረች። ሶልያና የእናታቸው ለቅሶ ላይ ስላልደረሱ ወንድምና እህት ዐሥራ አንድ ዓመት ተኳርፈዋል። በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው የሚነሳ ሰው ደግሞ ሞልቷል። በማግስቱ ልጥፉን ለጠፈችና ከመስታወቱ ጀርባ ቆመች። ሶልያና ተቀመጡ፣ አዩ፣ ወጡ። በሩ እንደተዘጋ ጋሼ ናሆም ራሳቸው ልጥፉን ልጠው ፍራሹ ሥር ከተቱት። ካለፉት ሦስት ቀናት ልጥፎች ጋር።

«ጋሼ፣ ምነው?»

«ልጄ፣ ሽማግሌ የሚመረጠው ከሁለት ወገን ነው። እነዚህ ሁሉም የእሷ ናቸው። እናቷን ሳትቀብር የቀረች ሰው የላከችው ሽማግሌ ለእኔ ሊፈርድ ነው?»

ፌኔት በልጥፎቹ ውስጥ ያሉት ህዋሳት ሞተው እንደሆነ ልታይ ልጥፎቹን የህዋስ ማንበቢያው መሣሪያ ላይ አኖረች። አልሞቱም። ነገር ግን ከህዋሳቱ ጥቂቶቹ የሶልያናን የዘር ማኅተም አልያዙም። የማን ናቸው? ደም ተቀላቅሎ ይሆን? ቤተ ሙከራውን ጠረጠረች፣ የራሷን እጅ ጠረጠረች፣ ሦስት ጊዜ አስነበበች። ማንበቢያው ያው አንድ መልስ መለሰ፦ የሁለቱም እናት።

ልጅ በማኅፀን ሳለ ከእናቱ ጥቂት ህዋስ ይወስዳል፤ አንዳንዱ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። የናሆም ድርሻ ከመቅኒያቸው ጋር ተቃጥሏል። ለቅሶ ያልደረሱት ሶልያና ግን እናታቸውን ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይዘዋት ሲዞሩ ኖረዋል።

ሁለቱንም አንድ ላይ አስቀምጣ ነገረቻቸው። ሶልያና መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ጋሼ ናሆም ጣሪያውን ትተው ለመጀመሪያ ጊዜ እህታቸውን አዩ፤ ቆይተው ለልጥፉ ክንዳቸውን ዘረጉ።

ፌኔት ልጥፉን እየጫነች፣ «አሁንስ ከሁለት ወገን ሆኑልዎት?» አለቻቸው።

«እማዬማ» አሉ ጋሼ ናሆም፣ «ድሮም ከእህቴ ወገን ነበረች።»