ቫይረስ ያልነካው ልብ

እትዬ አስካለ ልባቸውን ቫይረስ ይዞት ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ጥገና ክፍሉ ውስጥ ማንም አልደነገጠም። እሳቸውም ቢሆኑ ወንበር ስበው ተቀመጡና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ደግሞ ለቅሶ ሄደው ነው?» አለቻቸው የክፍሉ ቴክኒሻን ፈትለወርቅ።

«ታዲያ ሰው ሞቶ ቤቴ ልቀመጥ? ነግ በኔ ነው እኮ ልጄ።»

በ2150 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ልቡ የደከመ አዛውንት ሁሉ ደረቱ ውስጥ ልብ-ረዳት አለችው፤ ምት የምታስተካክል፣ የካፖርት ቁልፍ የምታክል መሣሪያ ናት። የሚያስተዳድራት ፕሮግራም፣ ስርዓተ ክወና የሚሉት ማለት ነው፣ ሁለት ዓይነት ነው፤ ግራርና ዋርካ። መሐንዲሶቹ ሽማግሌዎቹ ሐኪም ቤት እንዳይመላለሱ አስበው፣ ሰዎቹ ትከሻ ለትከሻ ሰላም ሲባባሉ አንዷ ልብ-ረዳት ለሌላዋ አዲሱን ማሻሻያ እንድታቀብል አደረጉ። ደግ አሳብ ነበር። አንድ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስንት ትከሻ እንደሚነካካ ግን የጠየቀ የለም፤ ቫይረሱም በዚያው መንገድ ገባ።

ዘንድሮ ግራር ከያዙት ስልሳ ሁለት ሰዎች ታመዋል። ዋርካ ከያዙት አንድም የለም። ስለዚህ የከተማው የጤና ቦርድ «ግራር ወጥቶ ዋርካ ይግባ» ሊል ነው፤ ውሳኔው ነገ ነው። ፕሮግራሙ ከመሣሪያዋ ጋር አብሮ ስለሚሠራ መቀየር ማለት ደረትን እንደገና መክፈት ነው። የሰማንያ አንድ ዓመቷ እትዬ አስካለ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና አይችሉም። ፈትለወርቅ ውሳኔው ሳይወጣ አንድ ነገር ማጣራት ፈለገች።

እውነት ዋርካ ይህን ያህል ጠንካራ ነው? ዋርካ የተሰጠው አዲሶቹ ፎቆች ውስጥ ለሚኖሩት ነበር። ልብ-ረዳት የነካችውን ትከሻ ሁሉ ስለምትመዘግብ፣ ፈትለወርቅ የአንዱን መዝገብ ከፈተች፤ የአቶ ልዑልሰገድ፣ የጡረተኛው ካርታ ሠሪ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ዜሮ። ማሽኑ የተበላሸ መሰላትና ሌላ ከፈተች። ሦስት። ሌላም ከፈተች። ዜሮ።

አቶ ልዑልሰገድን ደውላ ጠራቻቸው። ከረባት አስረው መጡ።

«ጋሼ፣ የርስዎም ልብ-ረዳት ይያዝ እንደሆነ ማየት ፈልጌ ነው። አጠገብዎ ነኝ፤ ከተያዘች በአራት ደቂቃ አጸዳታለሁ። አይሆንም ቢሉኝም አልቀየምም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ከእትዬ አስካለ ጋር ሰላም መባባል ብቻ ነው።»

ሰውዬው ኮታቸውን አውልቀው በወንበሩ ላይ አኖሩ።

አንድ ጊዜ ይበቃል ቢባሉም እትዬ አስካለ በጄ አላሉም፤ ቀኝ፣ ግራ፣ እንደገና ቀኝ። «እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብ ደኅና? ብርዱን እንዴት ይዘውታል? ጉልበትዎስ?» አቶ ልዑልሰገድ ለእያንዳንዱ «እግዜር ይመስገን» እያሉ መለሱ፤ ድምፃቸው ግን እየቀጠነ ሄደ። ፈትለወርቅ ቫይረሱ መሰላት። ስክሪኑን ስታይ ገና አልደረሰም ነበር።

ቫይረሱ በደረሰ በዘጠነኛው ሰከንድ ዋርካ ወደቀ፤ ልክ እንደ ግራር። ሽማግሌውን አስተኝታ ገመዱን ሰካች፤ አራት ደቂቃ አልፈጀባትም። የእትዬ አስካለንም አጸዳች። ከዚያ ለቦርዱ ጻፈች፦ «ሁለቱም እኩል ይታመማሉ። የዋርካ ሰዎች ያልተያዙት የሚጠይቃቸው ሰው ስለሌለ ነው። የሚዘጋው የማሻሻያው መቀባበያ ነው እንጂ፣ የማንም ደረት መከፈት የለበትም።»

ቦርዱ ነገን ሳይጠብቅ ከሰዓት በኋላ መልስ ሰጠ። ቀዶ ጥገናው ቀርቷል። እትዬ አስካለ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው መረቋት።

«ጋሼ፣ ጨርሰናል፤ አሁን መሄድ ይችላሉ» አለች ፈትለወርቅ።

አቶ ልዑልሰገድ ሸሚዛቸውን ቀስ ብለው ቆለፉ። ኮታቸውን አነሡ፤ መልሰው አስቀመጡት።

«ሙከራው ድጋሚ አያስፈልገውም?» አሏት።