ወንዙ ውስጥ ማን አለ?

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ ከት ብዬ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ጂኒ ቢሉኝ፣ ድልድይ ስር የሚያለቅስ ሕፃን ቢሉኝ፣ "አቦ ተዉኝ" ብዬ ነው የምነሣው፣ ደግሞም እንጀራዬ ማሽን ነበር፣ ማሽን ያልሰጡትን አይመልስም። እና ይህንን ስነግራችሁ ልታስደንቀን ነው እንዳትሉ፣ እኔ ራሴ እስከ ዛሬ ግራ እንደገባኝ ነው።

ዘመኑ የደርግ መጨረሻ ገደማ ነው፣ ድሬዳዋ ውስጥ አንድ የውሃ ነክ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር፣ ያኔ ኮምፒዩተር በከተማው በጣት የሚቆጠር ሲሆን አንዱ እኛ ጋ ነበር፣ ለእኛ የተከለከለው ቬንትሌተር ለሷ የተፈቀደላት እመቤት! ሥራዋ የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ መገመት ነው። ደቻቱን ለማታውቁት፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይነግድበታል፣ ያርፍበታል፣ ግን ላይ ደንገጎ ተራራው ላይ ሲዘንብ፣ እዚህ ፀሐይ አናት እየበሳች ውሃው ድንገት ይደርሳል። ደንገጎ ላይ ዝናቡን የሚለካልን ጋሽ ተሰማ የሚባል ሰው ነበር፣ በስልክ ቁጥሩን ይነግረኛል፣ እኔ እጽፈዋለሁ፣ ማሽኗ ጎርፉ መቼ ከተማ እንደሚገባ ትነግረኛለች።

ፕሮግራሙን የጻፈው ባልደረባዬ አብዲ ነው፣ ውጭ ተምሮ የመጣ የድሬ ልጅ። የጻፈው ቤዚክ በሚባል የኮምፒዩተር ቋንቋ ነው፣ ቤዚክ ግን ሒሳብ ላይ ሲደርስ ይንቀራፈፋል፣ ስለዚህ ሒሳቡን ብቻ በሌላ ቋንቋ፣ ማሽኗ ራሷ በምታስብበት ቋንቋ ጻፈና ቤዚኩ ሆድ ውስጥ አስገባው። እንዴት አንዱ ቋንቋ በሌላው ውስጥ ይሠራል ብዬ ብጨቀጭቀው፣

"ምን ይገርምሻል ሠናይት፣ እኛስ? በአማርኛ ጀምረን፣ በኦሮምኛ ቆጥረን፣ በሶማልኛ ተሳድበን፣ መልሰን በአማርኛ አንጨርስም እንዴ?" አለኝ፣ ያኔ ገባኝ።

ያቺ ቁራጭ የምትኖረው ለብቻዋ ዲስኬት ላይ ነበር፣ ቤዚኩ ሲጠራት ትመጣለች፣ አስልታ ስትጨርስ "ጢጥ" ትላለች፣ በቃ።

ከዚያ አብዲን ለብሔራዊ ውትድርና ሁርሶ ማሠልጠኛ ወሰዱት፣ ከሁርሶም ወደ ሰሜን ጦር ግንባር። ብዙም ሳይቆይ ዲስኬቷ በሙቀት ተጣመመችና አልነበብ አለች፣ አለቃችን ጓድ መኮንን "ያለሷ ይሥራ" ሲለኝ ቁራጯን የሚጠራትን መስመር በገዛ እጄ አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ ቤዚኩ ብቻውን እየተንቀራፈፈ ይሠራ ጀመር፣ ጢጥ የሚልም አልነበረም።

እና አንድ ቀን ጢጥ አለች። ቬንትሌተሩ ነው ብዬ አጠፋሁት፣ በላብ ተጠምቄ ስቀመጥ ደግማ ጢጥ! ለማንም አልተናገርኩም፣ ምን ብዬ ልናገር?

በማግስቱ ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ ሞቶ ዋለ፣ ከምሳ በኋላ ሥራ ስፈታ ማሽኗን ልሞክራት ብዬ ዜሮ ጻፍኩላት፣ ዝናብ የለም ማለት ነው፣ እሷም "ጎርፍ የለም" ማለት ነበረባት። ጢጥ አለች፣ ስክሪኑ ጠፋ፣ ከዚያ እመኑኝ፣ አረንጓዴዎቹ የላቲን ፊደሎች አንድ በአንድ፣ ሰው እያሰበ እንደሚጽፍ፣ መውጣት ጀመሩ፣ "ለገ ኬሰ ኤኙ ጂራ?" ኦሮምኛ ነው፣ ወንዙ ውስጥ ማን አለ? ማለት ነው።

አልፈራሁም፣ ብፈራ ይሻል ነበር፣ ዝም ብዬ ግራ ገባኝ። የአብዲ ቀልድ ነው ልበል፣ አብዲ የት አለና! ጣቶቼ ከሐሳቤ ቀድመው "ፋጡማ" ብለው ጻፉ። አዴ ፋጡማ የግቢ ጎረቤቴ ናት፣ አሸዋው ላይ ሰሌን ትሸጣለች፣ ጠዋት አብረን ነው የወጣነው። ማሽኗ ስሙን ተቀበለችና ያንኑ ጥያቄ ደገመችው፣ ለገ ኬሰ ኤኙ ጂራ? ያኔ ሳልመልስላት ሮጥኩ።

አሸዋው ላይ ፀሐዩ አይጣል ነበር፣ ሰማዩ ላይ የደመና ቁራጭ የለም።

"አዴ፣ ተነሽ! ውሃ ሊመጣ ነው!"

"ማን አለሽ?"

"ማሽኗ።"

"ፀሐይ መቶሻል አንቺ ልጅ፣" አለች፣ ግን ፊቴን ስታየው ሳቋ ጠፋ፣ ሰሌኗን ጥላ እጄን ያዘች። እኔ እየጮህኩ፣ ሰው እየሳቀብኝ፣ ግማሹ ለወሬ ብሎ ተከትሎን ወጣ። ዳር እንደደረስን ያ ድምፅ መጣ፣ ብዙ ከባድ መኪና ባንድ ላይ እንደተነሣ ዓይነት፣ ቀጥሎ ቀዩ ውሃ። ሁሉም ተሯሩጦ ወጣ፣ ሁለት ከሰል ሻጮች ግን ለጆንያቸው ተመለሱ። ዓይናችን እያየ ወሰዳቸው።

ማታ ላይ ስልኩ ሲሠራ ጋሽ ተሰማ ደወለ፣ "ከቀትር ጀምሮ ዶፍ ነው የጣለው፣ ስደውል ብውል መስመሩ እምቢ አለኝ!" ብሎ አማረረ። እና ማሽኗ ከማን ሰማች? እኔ የሰጠኋት ዜሮ ነው! ጓድ መኮንን ፕሮግራሙን መስመር በመስመር አስነበበኝ፣ ኦሮምኛ የሚባል የለም፣ ቁራጯን የሚጠራም የለም። "ደክሞሻል፣ ዕረፍት ውሰጂ" አለኝ።

አብዲ በፈቃድ ከግንባር የመጣው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ከስቷል፣ ጠቁሯል። ይስቃል ብዬ ነገርኩት፣ አልሳቀም።

"ያቺ ቁራጭ ፊደል አታውቅም እኮ፣" አለኝ፣ "መቁጠር ብቻ ነው ያስተማርኳት። ምን ብለሽ መለስሽላት?"

"ፋጡማ አልኩ።"

"ደግማ ስትጠይቅሽስ?"

"ሮጥኩ።"

"የሁለቱን ሰዎች ስም አልጻፍሽም?"

"ስማቸውን በምን አውቀዋለሁ አብዲ?"

ጫማውን ነበር የሚያየው። እኔም ያንን ጥያቄ ለምን እንደጠየቀኝ እንዲያስረዳኝ አልፈለግኩም፣ ዛሬም አልፈልግም። ብቻ ይኸውላችሁ፣ በድልድዩ ሳልፍ አሸዋው ላይ የተቀመጠ ሰው ካየሁ እግሬ ወደ ታች ይወስደኛል፣ ሰላም እለውና ስሙን እጠይቀዋለሁ፣ "ምን ሊያደርግልሽ ነው?" ሲሉኝ፣ ያ ጥያቄ ደግሞ ቢመጣብኝ የምጽፈው ስም እንዳላጣ ነው ብዬ አልነግራቸውም።