ክትባቱ የያዘለት ሰው

«ገድላዋለች! ወንድሜን ሚስቱ በመርዝ ገድላዋለች!»

የሟቹ ታላቅ እህት ፖሊስ ጣቢያ የገባችው እንዲህ እየጮኸች ነው። ብትጮህ አይፈረድባትም፤ አንድ ኩላሊቷን አውጥታ የሰጠችው እሷ ናት።

ባልደረቦቹ «ቀስ በቀስ» የሚሉት መርማሪ በቀጥታ ወደ ሟቹ ሐኪም ሄደ።

«መርዝ የሚባል የለም» አለ ሐኪሙ። «ሰውነቱ እህቱ የሰጠችውን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ አጠፋው። ደህና ነበር እኮ! ለወረርሽኙ ድሮ ሁለቴ ተከትቦ ሰውነቱ ምንም ምላሽ አልሰጠም። የአሁኑ ማጠናከሪያ ክትባት ግን እንዴት እንደያዘለት! ደሙን መርምረን ጉድ ነው ያልነው።»

«ድሮ ለምን እምቢ አለ?»

«ኪኒኑ ነዋ! ኩላሊቱን እንዳይዋጋ ሰውነቱን ያደነዝዘዋል፤ ለክትባቱም እንደዚያው።»

መርማሪው ተነስቶ ወደ ሟቹ ቤት ሄደ።

ሚስትየው ዓይኗ አብጧል። «ልጆቼን ሊወስዱብኝ ነው አይደል?» አለችው ገና ሳይቀመጥ።

«ኪኒኑን ማን ነበር የሚሰጠው?»

«እኔ ማታ በኪኒን ሳጥኑ እደረድራለሁ። ጠዋት ዳቦ ቤት ሥራ ስለምገባ የምትሰጠው እህቱ ናት። ዓይኑ ደክሞ ነበር፣ ቀለም እንኳ አይለይም።»

መደርደሪያው ላይ ሊያልቅ የደረሰ የቫይታሚን ብልቃጥ አየ።

«ይሄስ?»

«እንጃ፣ እሷው ናት ያመጣችው።»

በማግስቱ ሐኪሙንና ሁለቱን ሴቶች ሳሎን ሰበሰባቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን ሥራውን ጠልቶታል።

«ሰውነቱ ለክትባቱ ከነቃ ለኩላሊቱም ነቅቷል ማለት ነው» አለ መርማሪው። «የሚነቃው ደግሞ ኪኒኑ ሲቀር ነው። ሳጥኑ ግን በየቀኑ ባዶ ይሆን ነበር፤ እሱም እጁ ላይ የተደረገለትን ይውጥ ነበር። ስለዚህ ኪኒኑን እየጣለ ቫይታሚን የሰጠው ሰው አለ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ ክትባቱ ለምን እምቢ እንዳለው ማን ነገረዎት?»

እህትየው ቀና ብላ ሐኪሙን አየችው። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ዶክተሩ ናቸው... ኪኒኑ ነው ሲሉ ሰማሁ። እስኪይዝለት ብቻ ብዬ ነው! ሰፈሩ ሁሉ ሲያስል ፈራሁ፤ በሽታው እንዳይነጥቀኝ ብዬ! ውጤቱ የመጣ ዕለት እኮ መልሼ ጀምሬለታለሁ! እኔ... ወንድሜን እኔ ነኝ?»

«ያኔ ዘግይቶ ነበር» አለ ሐኪሙ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ።

«ግን ይዞለት ነበር፣ አይደል?» አለች እህትየው ከአንዱ ወደ ሌላው እያየች። «ክትባቱ ይዞለት ነበር?»

ትናንት ገዳይ የተባለችው ሚስት ተነስታ አጠገቧ ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት።

«ይዞለት ነበር፣ እትዬ» አለቻት።