በክረምት መንደር ያልተቆጠረችው

ክረምቱ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደሚያበቃ ጠዋት ቁርስ ላይ ተነግሯቸው ነበር። ስለዚህ ስንዱ የመጨረሻውን ዝናብ ቁጭ ብላ ለማድመጥ አልታደለችም። ቆርቆሮው ከላይ ሲንጣጣ እሷ አልጋ ሥር ተደፍታ የልጆች ካልሲ ትለቅማለች። ባሏ ወንዳፍራሽ በረንዳው ላይ ቆሞ እጁን ከጣሪያው ጫፍ ውጭ ዘርግቷል፤ ውሃው መዳፉን ሲደበድበው ብቻውን ይስቃል።

«አንተ ሰውዬ፣ ሻንጣ በሳቅ አይታሰርም» አለችው።

«ተይኝ፣ እስኪ ልጥገበው። ነገ ይሄኔ ከቧንቧችን ጋር ነን።»

እውነቱን ነው። በእነሱ ከተማ ውሃ ከሰማይ መውረድ ካቆመ ዘመን ሆኖታል። ከአማቷ ከእማማ እታለማሁ በቀር ዝናብን በዓይኑ ያየ ከቤተሰቡ አንድም አልነበረም። እዚህ፣ በረሃው መካከል በተደፋው ግዙፍ የመስታወት ጉልላት ሥር ግን፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሐምሌ ይሠራል። ጉሙ፣ ጭቃው፣ መብረቁ፣ ቆርቆሮ ቤቱ፣ ሁሉም ድሮ ነበር እንደሚባለው ነው። የክረምት መንደር ይሉታል። ልጆቹ ሳምንቱን ጭቃ ሲያቦኩና ጎርፍ ሲገድቡ ሰንብተው፣ ዛሬ መሰናበቻቸው ሆነ።

በመጨረሻው ቀን አምባር መሰብሰብ የእናት ሥራ ነው። እንግዳ ሲገባ ክንዱ ላይ የሚታሰርለትን ቀጭን አምባር ሲወጣ በሩ ላይ ያሳያል፤ ልጆች ደግሞ ጭቃ ሊነኩ ሲሉ እያወለቁ የትም ይጥሉታል። ስንዱ የራሷን፣ የባሏን፣ የአማቷን፣ የትልቁን ልጅ የአቤኔዘርን፣ የመካከለኛዋን የሜላትን ጠረጴዛ ላይ ደረደረች። የትንሿ የትርሲት የለም። ትራሱን አራገፈች፤ ጫማውን ሁሉ እየገለበጠች መታች። ከዚያ እጇ ባለበት ቀረ። ሳምንቱን ሙሉ ያችን ልጅ ስታጥብ ከክንዷ ላይ አምባር አውልቃ አታውቅም።

ከደጅ ጠራቻት። ትርሲት ቢጫ ካባዋ ውሃ እያንጠባጠበ ገባች። ከኋላዋ ጠጄ ተከተለች፤ እሷም ቢጫ ካባ ለብሳለች። ጠጄ አብሮ አደግ ነበረች። አብሮ አደግ የሚሏቸው መንደሩ ለእንግዳ ልጆች ጓደኛ ይሁኑ ብሎ የሠራቸው ሰው ሠራሽ ልጆች ናቸው፤ ይሮጣሉ፣ ያኮርፋሉ፣ በጨዋታ ያጭበረብራሉ። ስማቸው የድሮ ሰው ስም ነው፣ ካባቸው ቢጫ።

የእንግዳ ልጅ ካባ ሰማያዊ ነው፤ የሚታደለውም አምባር ላለው ብቻ ነው። ስንዱ ይህን ሳምንቱን ሙሉ ስታይ ከርማ አሁን ገና አየችው።

«አምባርሽ የታለ፣ የኔ ቆንጆ?»

«አልሰጡኝም» አለች ትርሲት ኮራ ብላ። «እኛ ቢጫ ለባሾች አምባር የለንም።»

እማማ እታለማሁ ከጠዋት ጀምሮ ለመንገድ ተዘጋጅተው ሻንጣው ላይ ተቀምጠዋል። ስንዱ ድምፅዋን እየገታች፣ የገቡ ዕለት በሩ ላይ ምን እንደተጠየቁ ጠየቀቻቸው። አማቷ አላንገራገሩም። ያ የበር ድምፅ ስንት ልጆች ይዘው እንደመጡ ጠይቋቸዋል፤ ትርሲት ያን ጊዜ ስንዱ ጀርባ ላይ በጋቢ ተሸፍና ተኝታ ነበር፤ እሳቸውም «ሁለት ናቸው» ብለውታል።

ወንዳፍራሽ ከበረንዳው ዞረ። እጁ ውሃ እንደሆነ ነው።

«እማዬ፣ ምን ነካሽ?»

«ምን ይነካኛል? ልጅ በማያውቁት ደጅ ይቆጠራል እንዴ? ትንሿን ሸሸግኋት። የማይሳሱለትን ማን ይሸሽጋል?»

ቤተሰቡ ይህን ጠባያቸውን ያውቀዋል። እማማ እታለማሁ በወጣትነታቸው አንድ ሠርግ ላይ ልጆችሽ ስንት ናቸው ተብለው፣ ደስ ብሏቸው፣ በጣታቸው ቆጥረው ነበር። ዓመት ሳይሞላ ሁለቱን ቀበሩ። ከዚያ ወዲህ ልጅ በቁጥር ጠርተው አያውቁም፤ ጠያቂ ከጠናባቸው ቀንሰው ይናገራሉ፣ ወይም ትንሹን በልብሳቸው ይከልላሉ። ስንዱ ይህን ለጎረቤት እያወራች ትስቅበት ነበር። ዛሬ ሳቁ አልመጣላትም።

ሻንጣቸውን አንስተው ወደ በሩ ወረዱ። ዝናቡ ቆሟል። ከላይ ደመናው እንደ ሸራ እየተጠቀለለ ከኋላው ባዶው መስታወት ይታያል፤ አየሩም መድረቅ ጀምሯል። ጠጄ የትርሲትን እጅ እንደያዘች አብራ መጣች። ስንዱ ልትመልሳት አስባ ነበር፤ ነገር ግን ሐሳቧ ሁሉ በሩ ላይ ስለነበር ተወቻት።

በሩን የሚጠብቀው አጋፋሪው ነው። በጥንቱ ዘመን አጋፋሪ ማለት በቤተ መንግሥት እንግዳ የሚያስገባና የሚያስወጣ ሹም ነበር። ይህኛው ሥጋም አጥንትም የለውም፤ መንደሩን፣ ዝናቡን፣ መብራቱን የሚያዝ አንድ የማሽን አእምሮ ሲሆን ለሰው የሚታወቀው በጨዋ ድምፁ ብቻ ነው። ወንዳፍራሽን እንኳን ደህና ሰነበቱ ብሎ አሳለፈው፤ አቤኔዘርን አሳለፈ፤ ሜላትን አሳለፈ። ትርሲት እግሯን ስታነሳ ከመሬት አንድ የብረት መዝጊያ ብቅ ብሎ ደረቷ ጋ ቆመ።

«ይህች ልጅ የመንደሩ ናት» አለ አጋፋሪው።

ወንዳፍራሽ ከውጭ በኩል መዝጊያውን በሁለት እጁ ያዘው። የወለዳት ልጁ መሆኗን፣ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የተወለደችበትን ሰፈር ነገረው። አጋፋሪው ታግሶ ሰማና፣ አብሮ አደጎች የሰሙትን ሁሉ እንደሚይዙ፣ በየክረምቱ መጨረሻም እንዲህ የሚል አባት እንደማይጠፋ አስረዳ። ልጆቹ ስለሚላመዱ ነው፤ እሱም ያዝናል።

ስንዱ የትርሲትን ጉልበት ገልጣ ትናንት የተላጠውን አሳየች፤ ደም አለ።

«የእኛም ይደማሉ» አለ አጋፋሪው። «ካልደሙ እንግዳ ልጆች ይፈራሉ።»

ትርሲት ማልቀስ ጀመረች።

«ያለቅሳሉም። በመጨረሻው ማታ ሁሌ ነው።»

ስንዱ ሰው እንዲጠራላት ለመነችው። ሠራተኞቹ ቀደም ብለው ወጥተዋል፤ የሚመለሱት ነገ ጠዋት ነው። ታዲያ እስከ ነገ እዚሁ አብሬያት ልደር አለችው። አይቻልም፤ ክረምቱ ካበቃ በኋላ ጉልላቱ ይዘጋል፤ አምባር ያለው እንግዳ መውጣት አለበት፤ አብሮ አደጎች ወደ ጎተራ ይገባሉ። ጎተራው ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ባትጠይቀው ኖሮ ይሻላት ነበር። አብሮ አደጎች የሚቀመጡበት ቀዝቃዛ ክፍል ነው፤ ዕቃው እንዳይሻግት አየሩ ተመጥጦ ይወጣል።

ከወደ መንደሩ መብራቶቹ ከሩቅ ጀምሮ አንድ በአንድ መጥፋት ያዙ። በጨለማው ውስጥ ያለ ነጂ የሚሄድ ጋሪ ቀስ እያለ መጣ። ቢጫ ካባ የለበሱ ልጆች ዓይናቸውን ጨፍነው ተደርድረው ተቀምጠውበታል። ጋሪው በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። የሁለት ልጅ ቦታ ክፍት ነው።

ስንዱ ትርሲትን ደረቷ ላይ አጣብቃ ያዘቻት። የልጅቷ ልብ እንደ ወፍ ይመታል። ጠጄ ግን እጇን አልለቀቀችም።

«አንድ መንገድ አለ» አለ አጋፋሪው። «ሲገቡ ያመንኩት የታላቅን ቃል ነው። ሲወጡም አምናለሁ። እማማ እታለማሁ፣ ስንት ልጆች ይዘው ይወጣሉ?»

መንደሩን የሠሩት ሰዎች የድሮው ወግ ይጠበቅ ብለው ያስተማሩት ይህንን ነበር፤ የቤተሰብ ታላቅ ከተናገረ ነገሩ ያበቃል። ሁሉም ወደ አሮጊቷ ዞሩ። እማማ እታለማሁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዝ አደረጉ።

«ከጠጠር ይብዙ በለኝ» አሉ።

«ይብዙ። ስንት ናቸው?»

«እግዜር የሰጠኝን ያህል ናቸው።»

«ቁጥሩን፣ እባክዎ።»

«አንተ ድምፅ፣ እናት የለህም?»

«የለችኝም፣ እማማ። ቁጥሩን።»

የአሮጊቷ ከንፈር ተንቀሳቀሰ እንጂ ቃል አልወጣም። ስንዱ ያን ጊዜ ነው የገባት። ለእሷ ወሬ የሆነው ነገር ለአማቷ መቃብር ነው። አንድ፣ ሁለት ብለው ሲጀምሩ የሚታያቸው አፈር ነው። ቢናገሩ ልጅቷን የሚገድሏት ይመስላቸዋል፤ ባይናገሩ ደግሞ ጋሪው ይኸው። ትርሲትን እንደታቀፈች ጭቃው ላይ ተንበርክካ የአማቷን እግር ያዘች።

«እማማ፣ ይቁጠሩልኝ። ልጄን ይቁጠሩልኝ።»

ሌላ መብራት ጠፋ። እማማ እታለማሁ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸውን ወደ ውጭ፣ ወደ አቤኔዘር ዘረጉ።

«አንድ» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ደረቅ ቅጠል ነው። ወደ ሜላት አዞሩት። «ሁለት።» ከዚያ ጎንበስ ብለው የትርሲትን ራስ ዳሰሱ። እዚያ ላይ እጃቸው ረጅም ጊዜ ቆየ። «ሦስት።»

ስንዱ ትንፋሿን ለቀቀች። የአማቷ እጅ ግን አልተመለሰም። ጭቃ የነካውን ቢጫ ካባ እያሰሰ ሄዶ ጠጄ አናት ላይ አረፈ።

«አራት» አሉ።

ወንዳፍራሽ ከውጭ ሆኖ «እማዬ» ብሎ ጀመረና ተወው።  

«እማማ፣ ጠጄ የመንደሩ ናት» አለ አጋፋሪው።

«ስንት ይዘው ይወጣሉ አልከኝ፤ ነገርኩህ። የታላቅ ቃል ትጥላለህ?»

«አልጥልም» አለ በመጨረሻ። መዝጊያው ወደ መሬት ሰመጠ። «ግን ይወቁት። አብሮ አደግ ከጉልላቱ ወጥታ አታውቅም። ውጭ ምን ያህል እንደምትቆይ እኔም አላውቅም።»

ጋሪው ባዶውን ቦታ ይዞ ወደ ጨለማው ተመለሰ።

አውቶቡሱ በረሃውን ሲጀምር ሰማዩ ገና ቀይ ነበር። አቤኔዘርና ሜላት ከፊት ከአባታቸው ጋር ተቀመጡ፤ ስንዱና አማቷ ሁለቱን ቢጫ ካባዎች መካከላቸው አደረጉ። ትርሲት እንደተቀመጠች እንቅልፍ ጣላት። ጠጄም ዓይኗን ጨፍናለች። ስንዱ የአማቷን እጅ ስማ፣ ያችን ምስኪን ጥለዋት ስላልወጡ እግዜር ይስጥልኝ አለቻቸው። አሮጊቷ እጃቸውን ቀስ ብለው ወሰዱ።

«አታመስግኝኝ» አሉ በሹክሹክታ። «ቁጥር ባዶ እጁን አይመለስም። ከቆጠርኩ አይቀር የሚወስደው ነገር ይኑረው ብዬ ነው። የእኛ ያልሆነውን ይውሰድ ብዬ።»

ስንዱ ቀና ስትል ጠጄ ዓይኗን ከፍታ እያየቻቸው ነው።

«እኔን ነው የሚወስደኝ?» አለች ልጅቷ።

ስንዱ ካባዋን አስተካከለችላት።

«ሲወስደኝ ትርሲትን አይቀሰቅሳትም አይደል? ደክሟታል።»

እማማ እታለማሁ መስኮቱን አዩ። አውቶቡሱ ብዙ ሄደ።  ስንዱ ጉንጫቸው ላይ አንድ ነገር ሲወርድ አይታ እሷም ወደ ሌላ በኩል ዞረች።

ጥቂት ቆይቶ የአውቶቡሱ ድምፅ ከጣሪያው መጣ። ለልጆች ትኩስ ወተት እንዳለ ተናግሮ፣ ከኋላ ወንበር ያሉትን እናት በጠቅላላ ስንት ልጆች ይዘው እንደሚሄዱ በትሕትና ጠየቀ።

እማማ እታለማሁ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ትርሲትን ከራስ እስከ እግር ሸፈኑ። ቀጥሎ የጋቢውን ጫፍ ሳብ አድርገው ጠጄንም ሸፈኑ፤ ቢጫው እስኪጠፋ ድረስ ዙሪያዋን ጠቀጠቁ።

«ሁለት ናቸው» አሉ።

ስንዱ ልታርም አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ሁለት ኩባያ ወተት መጣ፤ አሮጊቷ ሌሎች ሁለት ባዶ ኩባያ ከሻንጣ አስወጥተው፣ አውቶቡሱ ሲናወጥ እንዳይፈስ እየተጠነቀቁ፣ ለአራት ከፋፈሉት። ስንዱ እጇን ጋቢው ላይ አደረገች። ከሥሩ የሁለት ልጆች ትንፋሽ ይሰማል፤ የትኛው የማን እንደሆነ በእጅ አይለይም። የከተማው መብራት እስኪታይ ድረስ እጇን አላነሳችም፤ አንዱ እንዳይቆምባት ፈርታ።