በገሊላ ዊልቸር ላይ የተቀመጠው ሰው

ሻምበል ካሣዬ ሲደርስ ሟቹ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው በሕፃን ዊልቸር ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀበቶው ታስሯል፤ ኮፍያው ፊቱ ላይ ተደፍቷል፤ ከማጅራቱ የወረደው ደም ኮሌታው ላይ ደርቋል። ሟቹ በየነ ነው፤ መራመድ ለማይችሉ የሐበሻ ልጆች የተቋቋመው ማኅበር ሊቀመንበር።

ጦርነቱ ካርቱም ከመግባቱ በፊት በነበረው ጥር፣ ዓርብ ቀን ነው። ማኅበሩ ዘጠኝ ልጆችን ከነዊልቸራቸው፣ ሰው አሳፍሮ ወደ ላይ የሚሽከረከር ትልቅ መንኮራኩር ያለበት መዝናኛ ፓርክ አምጥቷል። ካሣዬ ድሮ አገር ቤት የወንጀል መርማሪ ነበር፤ አሁን ዐማራት በሚባለው ሰፈር የአንድ ቪላ ዘበኛ ሆኖ፣ ፖሊስ የሐበሻ ጉዳይ ሲገጥመው በአስተርጓሚነት ይጠራል። የሚያለቅስ ሰው አያምንም፤ የማያለቅሰውን ደግሞ ጭራሽ አያምንም።

«ገዳዩን ይዘነዋል» አለ ወጣቱ መኮንን በዓረብኛ። «ጠዋት ከሟቹ ጋር ተጣልቷል፤ እጅጌው ላይ ደም አለ። መግሪብ ሳይደርስ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዤው እሄዳለሁ።»

በካቴና የታሰረው ጥጋቡ ነው፤ በቀን ሥራ ልጆቹን የሚሸከም፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው መንገደኛ። አንዴ ከተወሰደ ማን ጠይቆት፣ ማን ተከራክሮለት? ካሣዬ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«አቶ በየነ ልጆቹን መንኮራኩሩ ላይ አናወጣም፣ ፊቱ ደርድረን ፎቶ አንሥተን ያላ ወደ ቤት አሉ። ፎቶው ለረጂዎች ነው። ልጆቹ እኮ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበራቸውም፣ ሻምበል! ግፍ ነው አልኳቸው። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲያ አልነካኋቸውም። ቅድም ዊልቸሩን ልወስድ ሄጄ ቀና ሳደርጋቸው ነው ደሙ የነካኝ።»

«ልጆቹስ ወጡ?»

«ሁሉም! እኔው ነኝ አንድ በአንድ ተሸክሜ ያሳፈርኳቸው። ሐሳባቸውን ቀየሩ ተባልን።»

ካሣዬ ከመንኮራኩሩ ማሽን ክፍል ጀርባ፣ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለ። መሬቱ ደልዳላ ሲሚንቶ ነው። የዊልቸሩን ሁለት ፍሬኖች ሞከራቸው፤ ጥብቅ ብለው ይዘዋል። በቀኙ ጎማ ሥር ግን ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ተደግፏል። አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ ባለው የብረት ደረጃ ጠርዝ ላይ ደምና ፀጉር አየ።

የማኅበሩን ሹፌር ስለሺን ጠራው። ዊልቸሮቹንም የሚጠግነው እሱ ነው።

«ይሄ የማን ነው?»

«የገሊላ፣ የየኔነሽ ልጅ። ጀርባዋን ሲያማት ምንጣፍ ላይ አስተኝተናት ነበር።»

«ፍሬኑ ደህና ነው?»

«የቀኙ ሁለት ዓመት ሙሉ አልይዝ ብሎን ድንጋይ እናስደግፈው ነበር። ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ሠራሁት። ጥጋቡ ካቻቢቴ አቀበለኝ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ፤ አቶ በየነም ፎቶ አነሡኝ።»

መንኮራኩሩን የሚያንቀሳቅሰው ሱዳናዊ፣ ከቢር፣ ገና ሳይጠየቅ መማል ጀመረ። «ሙዲሩ፣ የማኅበሩ አለቃ፣ ፈቅዷል ተባልኩ፤ አሳፈርኩ። ከማሽኔ ንቅንቅ አላልኩም!»

ማን እንዳለው ካሣዬ አልጠየቀም፤ ጥያቄውን ለኋላ አቆየው።

የኔነሽ ልጇን ታቅፋ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«አንቺ ከአውቶቡሱ ጋር ነው የመጣሽው?»

«አይ፣ ከኦምዱርማን፣ ከሥራ። ዓርብ ጠዋት የሰው ቤት አጸዳለሁ። ገሊላን ከቤት፣ ከጀብራ ያመጣልኝ ስለሺ ነው። ድልድዩ ላይ ዘሕማ ሆኖ፣ መኪናው ተጨናንቆ ዘገየሁ።»

«አቶ በየነን አገኘሻቸው?»

«አላገኘኋቸውም።»

«አሞ ካሣዬ» አለች ገሊላ አጎቷን እንደምትጠራ፣ «እኔ ፎቅ፣ ላይ ድረስ ወጣሁ! ባሕሩን፣ ዓባይን ሁሉ አየሁት፣ ኦምዱርማን ድረስ!»

ካሣዬ ምነው ባልተጠራሁ አለ በልቡ። ግን ጥጋቡ በካቴና ቆሞ ያየዋል፤ ፀሐይዋም እየወረደች ነው።

ልጆቹን ለሌሎቹ እናቶች ትቶ አራቱንም ከማሽኑ ክፍል ጀርባ ሰበሰባቸው፤ መኮንኑም አብሮ ቆመ።

«በየነ የሞተው ደረጃው ጋ ነው፤ ደሙ ምስክር ነው። ሌላ ሰው አንሥቶ እዚህ አስቀመጠው፤ ቀበቶ አሰረለት፤ ፍሬኑን ያዘ። ከዚያም ድንጋይ አስደገፈ። መሬቱ ደልዳላ፣ ፍሬኑም ደህና ሆኖ ድንጋዩ ለምን አስፈለገ?»

ራሱ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አነሣ።

«እጅ ስለለመደ ነው። ከቢር ይህ ልማድ የለውም። ስለሺ ፍሬኑን የሠራው ራሱ ነው። ጥጋቡ ካቻቢቴ ሲያቀብል ነበር። የቀኙ ፍሬን ዛሬም አይዝም ብሎ የሚያምን፣ ልጅቷን በየቀኑ የሚያነሣና የሚያስቀምጥ፣ ጠዋት ግን አውቶቡሱ ውስጥ ያልነበረ ሰው ነው። ከቢር፣ ሙዲሩ ፈቅዷል ያለህ ማነው?»

ከቢር በዓይኑ ብቻ ወደ የኔነሽ ጠቆመ።

«እነዚህ ከታች አዩት ከላይ አዩት ምን ይለውጣል አለኝ» አለች የኔነሽ። «ልጄን እኮ ነው! ደረቱን ገፋሁት። ወደቀ፤ አልተነሣም። ልጆቹ እንዳያዩት የተኛ አስመሰልኩት። ከዚያ ዛሬ ካልወጡ መቼም አይወጡም ብዬ ፈቅዷል አልኩ።»

«ጥጋቡ ሲታሰርስ?»

«ገሊላን ማን ያነሣታል ብዬ ዝም አልኩ።»

ካሣዬ ሲተረጉምለት መኮንኑ ካቴናውን ከጥጋቡ ፈትቶ ለእሷ አሰረው። «ይቅር በለኝ» አለችው መሬት መሬቱን እያየች። የፓርኩ በር ክፍት ነው፤ ወረቀት የሌለው ሰው ቶሎ ቢወጣ ማንም አይፈርድበትም። ጥጋቡ ግን የእጁን አንጓ እያሻሸ ቆመ።

«ገሊላ ሌሊት በየስንት ሰዓቱ ነው የምትገላበጠው?» አላት።

«በየሦስት ሰዓቱ» አለች የኔነሽ። «በግራ ጎኗ ስትተኛ ትራስ ጨምርላት።»