የቀኙ ታንክ

«ጋሼ፣ የእርስዎ ታንክ የትኛው ነው? በግራ በኩል የቆመው ነው ወይስ የቀኙ?»

ጠያቂዋ መነጽር ናት። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው ስም የሚጠራው መምህር ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ሁሉ መነጽር ይላታል። አንዴ ጥያቄ ከጀመረች የሞተ ሰው ተነስቶ መልስ ካልሰጣት አትለቅም። አሁንም ቦርሳዋን እንዳነገተች የፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆማ የፀጉር አስተካካዩን መልስ ትጠብቃለች።

ፀጉር አስተካካዩ የአንድ አናጢ ጉንጭ ላይ ምላጩን እንዳሳረፈ ቀረ። አናጢው ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ቀና ለማለት ሞከረ።

«ታንክ?» አለ። «የምን ታንክ?»

ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ላይ ሲኒማ ተቀምጣለች። ሲኒማ የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ እሷ ስታወራ ትኬት ሳይቆረጥ ፊልም ይታያላ። በዚያች ደቂቃ ግን መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት አመስግናው ነበር የምትገባው።

አባቷ በትልቁ መስታወት ውስጥ አያት። አልተቆጣም። ጠፍቶበት የኖረ ዕቃ ያልጠበቀው ቦታ እንዳገኘ ሰው ነበር የሚያያት። ከዚያ ምላጩን በፎጣ ጠረገና «የቀኙ ነው» አለ።

«አላልኩሽም፣ ሲኒማ?» መነጽር ፊቷ በራ። «እኔ ገና የሙዚየሙን ፎቶ ሳየው አውቄዋለሁ፤ የቀኙ ነው ብዙ የተጫጫረው። ጋሼ፣ ወንዙን ሲሻገሩ አፈሙዙ ውስጥ ዓሣ ገባ የሚባለውስ?»

የአናጢው ሆድ በጨርቁ ሥር በሳቅ መነቃነቅ ጀመረ። «ስማ እንጂ፣ እኔ አንተን የማውቅህ…»

«አትንቀሳቀስ» አለው አባቷ። «ጉሮሮህ ላይ ነኝ።»

አናጢው አንገቱን አቀና።

«ዓሣው…» አለ አባቷ፣ ምላጩን ወደ አገጩ እያወጣ፣ «ትንሽ ነበር።»

ነገሩ የተጀመረው መምህሩ ቀርቶ ክፍሉ ያለ ትምህርት የዋለ ቀን ነው። ልጆቹ የሚሠሩት ሲያጡ አባቶቻቸውን ማወዳደር ጀመሩ። የአንዱ አባት ፎቅ ያቆማል፤ የሌላዋ አባት መርከብ ላይ ነው፤ የአንዱ ደግሞ ምን እንደሚሠራ ባይታወቅም መኪናው ትልቅ ነው። ተራው ሲኒማ ጋ ሲደርስ «የኔ አባት ወታደር ነበር» አለች። ይሄ እውነት ነው። እዚያ ላይ አፏን ብትገጥም ሰላም ነበር። ግን አንዱ ከኋላ «ምን ሲሠራ?» አላት።

አባቷ በጦሩ ውስጥ የጣለው ነገር ቢኖር ፀጉር ብቻ ነው። ከገባ ጀምሮ እስኪሰናበት የወታደር ራስ ሲላጭ ኖረ። ይህንኑ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ታንክ ሆነ። ታንኩ ከወጣ በኋላ ወንዝ ፈለገ፤ ወንዙ ዓሣ ፈለገ፤ የዕረፍት ደወል ሲደወል ታንኩ ጀግንነቱን ጨርሶ ሙዚየም ግቢ ውስጥ ለክብር ቆሞ ነበር።

ሙዚየሙን እንኳ ከባዶ አልፈጠረችውም። ትምህርት ሲዘጋ ከአባቷ ጋር የጦር ሙዚየሞችን ሊዞሩ አቅደው ነበር። የመንገድ ካርታው መስታወቱ አጠገብ በፕላስተር ተለጥፏል፤ አባቷ መቀሱን ካስቀመጠ ወይ ማበጠሪያ ያነሳል፣ ወይ ካርታው ላይ በቀይ እርሳስ መስመር ያሰምራል። ሙዚየሞቹ ሦስት ናቸው። የታንኩ፣ የአውሮፕላኑና የድሮው ካምፕ። ታንክና አውሮፕላን የተጨመሩት «አንቺ እንዳይሰለችሽ» ተብሎ ነው። የእሱ ልብ ያለው ካምፑ ላይ ነው። ያገለገለበት ካምፕ ሙዚየም ሆኗል፤ ፀጉር የሚቆርጥበት ክፍል ከነወንበሩ እንዳለ ተቀምጧል ብሎ አንድ ደንበኛ ነግሮታል። «ወንበሬን ገመድ አጥረውበት፣ 'አይነካም' ተብሎ ተጽፎበት ይታይሽ» እያለ ብቻውን ይስቅ ነበር። ደስታው ሞልቶ ቢፈስበት ነው መነጽርንም ራሱ «ለምን አብረሽን አትሄጂም?» ያላት። ሲኒማ ያኔ አግዳሚው ላይ ሆና ታንኩ ትዝ አላት።

አናጢው ተላጭቶ፣ መነጽርም መልስ ጠግባ ከሄዱ በኋላ አባቷ ሱቁን ዘጋ። ሲኒማ ከኋላ ከኋላው ተከተለች። ማስተባበያ ሦስት ዓይነት አዘጋጅታለች፤ አንዱ እንዲያውም የሚያስለቅስ ነበር።

«ስንት ሰው ያውቃል?» አለ አባቷ።

«ክፍላችን።»

«በሙሉ?»

«ሌላውም ክፍል… ትንሽ ትንሽ።»

«ዳይሬክተሩስ?»

«እስካሁን አልጠየቁኝም።»

 ዳቦ ቤቱን አለፉ፣ የጎማ ጠጋኙን አለፉ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር «ፀጉር መቁረጡ ያሳፍራል እንዴ?» አላት። ወቀሳ አልነበረም። ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቃት።

«አያሳፍርም» አለች ሲኒማ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

«እሺ» አለ። ዳግመኛም አልጠየቃትም። ቢጮህባት ኖሮ እሷም አልቅሳ፣ እሱም ለቅሶዋን አይቶ፣ ነገሩ ያልቅ ነበር። «እሺ» ግን ሆዷ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። አባቷ ታንክ ማጥናት ጀመረ።

ከቤተ መጻሕፍት ባለ ሥዕል መጽሐፍ ተውሶ መጣ። ከባድ መኪና የሚነዳ ደንበኛውን ፀጉሩን እየቆረጠ «ታንክ ፍሬቻ አለው?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው እስኪወጣ ድረስ ሳቀበት። ይህንንም አባቷ እራት ላይ ራሱ አወራው። እናቷ ነገሩ ስላልተነገራት ግራ ገብቷታል። «አባትሽን ምን ነካው?» አለቻት ለሲኒማ። «ድንች ላጥልኝ ብለው 'ሦስተኛ ማርሽ' እያለ ይልጣል።» 

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፀጉር ቤቱ መስኮት አየችው። ደንበኛ የለም። አባቷ የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። መጽሐፉ ጭኑ ላይ ተዘርግቷል። ዓይኑን ጨፍኖ ባዶ አየር እየጨበጠ አንዴ የግራ እጁን፣ አንዴ የቀኙን ይስባል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንድ መንገደኛ በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ ብድግ ብሎ ጨርቅ አነሳና ማንም የሌለበትን ወንበር ማራገፍ ጀመረ።

ሲኒማ ወደ ኋላ ተመልሳ ግድግዳ ተደገፈች። ፊቷ እንደ ጋለ ምጣድ ነደደ። ስትዋሽ አላፈረችም። ስትያዝም ያፈረችው ለራሷ ነበር። ይሄ ግን ሌላ ነው። እሷ አፏ ያመጣውን አወራች፤ የዚያን ወሬ ዕዳ ተሸክሞ በቃሉ የሚያጠናው እሱ ነው፤ ያውም በዚህ ዕድሜው፣ እንደ ፈተና ተማሪ።

እንደምንም ገባች። ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ካርታው ላይ ነው። ወደ ካምፑ የሚወስደው ቀይ መስመር በላጲስ ጠፍቷል፤ ወረቀቱ እስኪሳሳ ነው የታሸው።

«ካምፑስ?» አለች።

«ቀኑ አይበቃም። ሌላ ጊዜ።»

«ይበቃል ብለህ ነበር።»

አባቷ መጽሐፉን ዘጋ፣ ከፈተ። «እዚያ ሙዚየሙን የሚጠብቁት የድሮ ወታደሮች ናቸው አሉ። አንዱ ራሱን የላጨሁት ቢሆንስ? 'ፀጉር አስተካካያችን መጣ' ብሎ ጓደኛሽ ፊት ቢያቅፈኝ አንቺ ምን ልትሆኚ ነው?»

ሲኒማ ካርታው ላይ የሳሳውን ቦታ በጣቷ ነካች። 

«ተይው። ይልቅ ነይ ጠይቂኝ» አለና መጽሐፉን እጇ ላይ አስቀመጠው። «እንደ መነጽር ሁኚና አፋጥጪኝ።»

ገጹን ገለጠች።  «ታንክ ውስጥ… እነማን ናቸው ያሉት?»

«ሾፌር፣ ተኳሽ፣ አጉራሽ፣ አዛዥ» አለ አባቷ ሳይተነፍስ። ከዚያ ልክ መሆኑን እስክትነግረው ድረስ ዓይን ዓይኗን አያት።

ሲኒማ መጽሐፉን መደርደሪያው ላይ፣ ከፓውደሩ ጣሳ አጠገብ አስቀመጠች። «መነጽር ጋ ሄጄ ልምጣ» አለች።

መንገዱ አጭር ነው፤ አፏ ግን በዚያች አጭር መንገድ ሥራ አልፈታም። ታንኩን ለሌላ አገር ሸጠችው። አባቷን የማስታወስ ችሎታውን አሳጣችው። የነመነጽር ፎቅ ጋ እስክትደርስ ሙዚየሙን ሁለት ጊዜ አቃጠለችው። በሩ ሲከፈትና መነጽር «ምን ሆነሽ ነው?» ስትላት ግን ሁሉንም ደረጃው ላይ ጥላ እውነቱን ነገረቻት።

መነጽር መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ጠረገች። ጠርጋ ስትጨርስ እንደገና ጠረገች።

«ዓሣውስ?»

«ዓሣውም።»

«ለወንድሜ እኮ ነግሬዋለሁ። ለአክስቴ ነግሬያታለሁ።» ድምጿ ቀጠነ። «ደግሞ ሰው ፊት 'የትኛው ነው' ብዬ ጠየቅኳቸው። ጋሼ ለምንድነው 'የለም' ያላሉኝ?»

«ለኔ ብሎ ነው።»

«አንቺ ግን…» አለችና ተወችው። «እኔ አልሄድም። አሁን ተናድጄብሻለሁ፤ መቼ እንደሚወጣልኝም አላውቅም። ለክፍሉ ደግሞ እኔ አልናገርልሽም።»

«አውቃለሁ» አለች ሲኒማ።

በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። በኃይል ቢዘጋ ይሻላት ነበር።

ፀጉር ቤት ስትመለስ አባቷ የመጽሐፉ ገጽ ውስጥ ጣቱን ከትቶ ይጠብቃታል።

«መነጽር አትሄድም» አለችው።

«ምነው፣ አመማት?»

እነሆ መውጫ መንገዱ። «አዎ» ብትል አለቀ፤ ማንም አይጠይቃትም፣ እሱም እፎይ ይላል፣ መጽሐፉም ይመለሳል።

«አላመማትም። ነገርኳት።»

«ምን ብለሽ?»

«አባቴ ወታደር ቤት ፀጉር ነበር የሚቆርጠው ብዬ።»

አባቷ ጣቱን ከገጹ አወጣ።  ከዚያ መጽሐፉን በመዳፉ እየመዘነ «ታንኩን ግን እናየዋለን» አለ። «ይሄን ሁሉ አጥንቼ ሳልፈተን አልቀርም።»

ሲኒማ ልትስቅ ፈለገች፤ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። «መጀመሪያ ካምፑ ጋ እንሂድ» አለችው። «ታንኩ የትም አይሄድም።»

«ክፍሉስ?»

«ነገ።»

«መጥቼ አጠገብሽ ልቁምልሽ?»

«አይ፣ አባዬ። አንተ እዚያ አትቁም። ብቻዬን ነው የምነግራቸው።»

አባቷ ራሱን ነቀነቀ። «ምን ብለሽ ነው የምትጀምሪው?»

ሲኒማ አሰበች። ታንክ ከነወንዙ በአንድ ትንፋሽ ይመጣለት የነበረው ጭንቅላቷ ባዶ ሆነባት።

«አላውቅም» አለች። «ግን አጭር ነው የሚሆነው።»